መርዶዬን በቻይንኛ

ባለፈው ጥቅምት አንድ ረቡዕ ከሥራ በኋላ ከሐና ጋር ሎስ አንጀለስ የሐበሻ ሱቆች ወዳሉበት ፌርፋክስ ጎዳና ሄድን። እንጀራ አልቆብን ነበር። ሐና ኢንግልዉድ ባለው አፓርታማዬ አንዷን ክፍል ይዛ የምትኖር የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ናት፤ ሀዋሳ ተወልዳ ያደገች፣ በዲቪ የመጣች። ቅዳሜ የነርስነት ላይሰንስ ኤግዛም ስለነበረባት ሰሞኑን ከደብተሯ ቀና አትልም ነበር። ሱቁ ፊት ለፊት ፓርክ አደረግኩና እሷን መኪናው ውስጥ እያጠናች ትቻት ገባሁ።

እትዬ ዘነበችን እዚያ አገኘኋቸው። በቤተ ክርስቲያናችን የታመመ ሲኖር ቀድመው የሚሰሙ፣ ሐዘን ሲኖር ቀድመው የሚደርሱ ሴት ናቸው። ሲያዩኝ ሰላም እንኳ ሳይሉኝ ክንዴን ይዘው የጤፍ ዱቄቱ ከተደረደረበት ጀርባ ወሰዱኝ።

«ሐና የት ናት?»

«መኪና ውስጥ ናት። ምነው እትዬ?»

«እናቷ ሰኞ አርፈዋል» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ወንድሟ ነው የደወለልኝ። ትናንት ቀበሯቸው። ሶ፣ ቅዳሜ ኤግዛሟን ትውሰድ፤ እሁድ በማለዳ ከቸርች ሰዎች ጋር መጥተን እናረዳታለን። እስከዚያ ምንም እንዳትጠረጥር። ስልኳንም ያዥላት፤ ፌስቡክ ላይ ነፍስ ይማር የሚል ዘመድ አይጠፋም።»

«አራት ቀን እኮ ነው እትዬ።»

«አንቺ ጠንካራ ነሽ። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ አንቺ አታለቅሺም። ለዚህ ነገር ካንቺ የተሻለ ሰው የለም።»

ሊያመሰግኑኝ ነው ያሉት። እኔ የዱቄቱን ከረጢቶች እያየሁ ቆምኩ። በሐሳቤ የመጣው ሌላ ከተማና ሌላ ማለዳ ነበር።

ቻንግሻ በደቡብ ቻይና ያለ ከተማ ነው። መሀሉን ሺያንግ የሚባል፣ ቀለሙ ወተት የገባበት ሻይ የሚመስል ሰፊ ወንዝ ያቋርጠዋል። የሄድኩት በፈረንጆቹ 2010ዎቹ መጀመሪያ፣ በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ የውሃ ምህንድስና ለመማር ነበር። የመጀመሪያውን ዓመት ቋንቋ ብቻ አስተማሩኝ። ቻይና ኖሬ እንደነበር የሚሰሙ ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ምግቡ ነው። የቻንግሻ ሰው ከእኛ ይበልጥ ሚጥሚጣ ይወዳል ስላቸው አያምኑኝም። መስከረም ላይ በየሰፈሩ ቀይ በርበሬ በሰፌድ በሚመስል ጠፍጣፋ ቅርጫት ተሰጥቶ ይታያል። ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ካለች ጠባብ ቤት ጠዋት ጠዋት ሚፌን እንበላ ነበር፤ ከሩዝ የተሠራ ነጭ ፓስታ በትኩስ መረቅ ማለት ነው። ባለቤቷ በጨው የቆየ የተከተፈ በርበሬ በማንኪያ ይዛ «ትንሽ?» ትለኛለች። እኔም «ብዙ» እላታለሁ። ያለ ስህተት መናገር የቻልኳት የመጀመሪያዋ ቃል እሷ ሳትሆን አትቀርም።

ብርዱን ግን አልለመድኩትም። የእነሱ ክረምት የሚገባው በእኛ በጋ ነው። በረዶ እምብዛም አይጥልም፤ ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ ግን ቀጭን ዝናብ ሳያቋርጥ ይወርዳል፣ ልብስ አይደርቅም፣ ግድግዳው ያልበዋል። በሰሜን ላሉት ከተሞች መንግሥት ለየቤቱ ማሞቂያ ያስገባላቸዋል፤ ደቡብ ስለሆንን ለእኛ የለም። ክፍል ውስጥ ኮት ለብሰን፣ ትንፋሻችን እየታየ እንማራለን። ከትምህርት ስመለስ ጣቶቼ የእኔ አይመስሉኝም ነበር። ቁልፉን በር ላይ ለመክተት በዓይኔ እያየሁ መምራት ነበረብኝ።

በከተማው የምንተዋወቅ አምስት ኢትዮጵያውያን ነበርን። ታላቃችን ጋሽ ተሾመ ነበሩ። አርባ አምስት ዓመት ይሆናቸዋል፤ አገር ቤት የእርሻ ትምህርት መምህር የነበሩ፣ ሚስትና ሦስት ልጆች ትተው ለዶክትሬት የመጡ ዝምተኛ ሰው። ትምህርታቸው በእንግሊዝኛ ስለነበር ቻይንኛ አልያዙም። ባንክ ሲሄዱ፣ ሐኪም ቤት ሲሄዱ የማስተረጉምላቸው እኔ ነበርኩ። ለሌሎቹም እንደዚያው። አንዳንድ ቀን ከራሴ ጉዳይ ይልቅ የሰው ጉዳይ ስናገር እውላለሁ።

አባቴ ሆሳዕና የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር። እሁድ እሁድ በካርድ እደውላለሁ። አባቴ ስልኩን ሲቀበል «ዛሬ ስንት ዲግሪ ነው?» ይለኛል። ቀጥሎ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ወንዙ ከፍታ ይጠይቀኛል። ደህና ነሽ ወይ ብሎኝ አያውቅም ማለት እችላለሁ። እሱን የምትጠይቀው እናቴ ናት።

በሁለተኛው ዓመቴ ታኅሣሥ ላይ አንድ እሁድ ስደውል ስልኩን እናቴ አነሳች። አባዬ ለጸሎት ጉባኤ ዱራሜ ሄዷል አለችኝ። በሚቀጥለው እሁድ ጉሮሮውን አሞት ሐኪሙ አትናገር ብሎታል አለች። በሦስተኛው ተኝቷል አለች። በቻንግሻ ሰዓት ከሰዓት በኋላ ነበር፤ አገር ቤት ረፋድ። አባቴ ረፋድ ላይ ተኝቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እኔ ግን እሺ ብዬ ዘጋሁት። ፈተና ደርሶ ነበር፣ ብርድ ነበር፣ ካርዱም ሊያልቅ ነበር። ለምን አልጠረጠርሽም ብለው ሲጠይቁኝ ከዚህ ሌላ መልስ የለኝም።

በእነዚያው ሦስት እሁዶች ጋሽ ተሾመ ምሳ ይጠሩኝ ጀመር። ከዚያ በፊት እንዲህ አድርገው አያውቁም። እሳቸው የሚያድሩበት ሕንፃ ወጥ ቤት ነበረው። ዶሮ ገዝተው፣ ሽንኩርቱን ራሳቸው ከትፈው፣ በቻንግሻ ደረቅ በርበሬ ወጥ የሚመስል ነገር ይሠራሉ። በሩዝ እንበላዋለን። ሥጋውን ከራሳቸው ሳህን እያነሱ ወደ እኔ ያደርጉታል። ብዙ አያወሩም። አንዳንዴ ዝም ብለው ያዩኛል፣ ቀና ስል ዓይናቸውን ይሰብራሉ።

አብራኝ የምትኖረው የዛምቢያ ልጅ ይህንን አይታ «ሽማግሌው ወዶሻል» እያለች ትስቅብኝ ነበር። እኔም ቀስ በቀስ አመንኳት። ሦስተኛው እሁድ ላይ ጋሽ ተሾመ የመጨረሻውን ብልት ሳህኔ ላይ ሲያስቀምጡልኝ፣ እጄን ከገበታው አንስቼ፣

«ጋሼ፣ እኔን እንዲህ እንደሚጋብዙኝ ባለቤትዎ ያውቃሉ?» አልኳቸው።

አባባሌ ገብቷቸዋል። ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ፊታቸው እስከ ጆሯቸው ድረስ ሲቀላ አየሁ። ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረጉና፣

«ብዪ፣ ይቀዘቅዛል» አሉኝ።

አልበላሁም። ኮቴን ለብሼ ወጣሁ። መንገድ ላይ ሙግት የረታሁ ያህል ደስ ብሎኝ እንደነበር አስታውሳለሁ።

ከዚያ እሁድ አራት ቀን በኋላ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ገና ሳይነጋጋ፣ የማደሪያችን ጠባቂ በሬን ደበደበች። ጠባቂያችን አጭር፣ ወፍራም፣ ሁልጊዜ ባለ አበባ እጅጌ ሽፋን የምታደርግ ሴት ነበረች። አዪ ነው የምንላት፤ አክስቴ እንደማለት ነው። ሩዝ ማብሰያ ክፍል ውስጥ ደብቀን ስታገኝ የምትወርስብን፣ ወንድ ከደረጃው በላይ የማታሳልፍ፣ የምንፈራት ሰው ናት።

«ነይ ውረጂ! ያገርሽ ሰዎች መጥተው እንግባ ይላሉ። የሚሉትን አላውቅም። አንቺ ተርጉሚ» አለችኝ።

በነጠላ ጫማ፣ በፒጃማዬ ላይ ኮት ደርቤ ወረድኩ። ከመስተዋቱ በር ውጭ ጋሽ ተሾመና ከአምስታችን ሁለቱ ተማሪዎች፣ ሳሙኤልና በረከት፣ ዝናቡ እየመታቸው ቆመዋል። ሳሙኤል የተሸፈነ ድስት ይዟል። አዪ በሩን በአንድ ክንድ ያህል ከፍታ፣ እግሯን ደንቅራ ቆመች።

«በዚህ ማለዳ ምን አስቸኳይ ነገር አለ? ጠይቂልኝ» አለችኝ።

ዞር ብዬ በአማርኛ፣ «ምን አስቸኳይ ነገር አለ ነው የምትለው» አልኳቸው።

በረከት መሬት መሬት ያያል። ጋሽ ተሾመ የሱፍ ኮፍያቸውን አወለቁ። በዚያ ብርድ ኮፍያ የሚወልቅበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው። ከቤተሰቤ ማን እንደሆነም ወዲያው አወቅኩ፤ ዱራሜ፣ ጉሮሮው፣ እንቅልፉ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጡ።

«አባዬ ነው?»

«አይዞሽ ልጄ» አሉኝ ጋሽ ተሾመ።

«ምን አለ?» አለችኝ አዪ ክንዴን እየነካች። «ምን አለ? ምን ፈልገው ነው?»

እንግዲህ ቻይንኛ አንድን ቃል በድምፅ ብቻ ሌላ የሚያደርግ ቋንቋ ነው። «ስ» የምትለዋን ቃል ድምፅን ዝቅ አድርጎ መልሶ ሲያነሷት ሞት ናት፤ ከላይ ወደ ታች ሲጥሏት አራት ቁጥር ናት። ለሟች የሚባል ለስላሳ፣ የጨዋ ቃልም አላቸው። ያን ጊዜ አላውቀውም ነበር። የማውቃትን ተናገርኩ። ጥርሴ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ድምፄ ወደ ታች ወደቀ። አባቴ ሞተ ያልኩ መስሎኝ አራት አልኳት።

«አራት?» አለች አዪ። ጣቷን ቀስራ ሰዎቹን ቆጠረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከዚያ በሩን ገፋ አድርጋ አንገቷን ወደ ዝናቡ አውጥታ አራተኛውን ሰው በጨለማው ውስጥ ፈለገች።

«አራተኛው የት አለ?»

ዓይኔን ጨፈንኩ። የቋንቋ መምህራችን እንዳስተማረችን እጄን ወደ ታች ወርዶ በሚነሳ መስመር እያንቀሳቀስኩ፣ ቃሏን ቀስ ብዬ ደገምኳት። አባቴ ሞተ። የአባቴን ሞት በአፌ የተናገርኩት መጀመሪያ ያን ጊዜ ነው፤ በቻይንኛ፣ ድምፁን አስተካክዬ።

አዪ በሩን ለቀቀችው። ሦስቱንም ወደ ውስጥ አስገባቻቸውና እኔን ጠባቧ ክፍሏ ውስጥ ካለ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። የራሷን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ እግሬ ሥር አደረገችው። ከፔርሙዝ የሞቀ ውሃ ቀድታ ሁለት እጄን ጽዋው ላይ አስያዘችኝና እጆቿን በእጆቼ ላይ አድርጋ ተንበረከከች። በከተማው ዘዬ ትናገር ስለነበር አንድም ቃል አልገባኝም። እያለቀሰች ነበር። ሳሙኤልም እያለቀሰ ነበር። ጋሽ ተሾመ ትከሻዬን ይዘው፣

«አልቅሺ ልጄ፤ አትያዢው፣ አልቅሺ» ይሉኛል።

ውሃውን ጠጣሁ። ትኩስ መሆኑን አውቃለሁ፤ ምላሴን አቃጥሎኛልና። ሌላ የተሰማኝ ነገር የለም። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ።

«ሁለት ሰዓት ላይ ፈተና አለኝ» አልኳቸው።

ሦስቱም ተያዩ። ለካ ቤተሰቦቼ ፈተናዬ ረቡዕ እንደሚያልቅ ነበር የነገሯቸው፤ አንዱ ፈተና ወደ ሐሙስ መዛወሩን ለእናቴ አልነገርኳትም ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ተጠንቅቀው ጠብቀው፣ በአንድ ቀን ተሳሳቱ። ጋሽ ተሾመ ፊታቸውን በኮፍያቸው ሸፈኑ።

«አስተማሪሽን አነጋግረን ይለፍሽ» አሉኝ።

«ማን ያነጋግርልኛል?» አልኳቸው። ክፋት ለመናገር አልነበረም። አስተማሪውን በቻይንኛ ማነጋገር የምችለው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ያቺን ቃል ደግሞ ደግሜ መናገር አልፈለግኩም።

ልብሴን ቀይሬ ሄድኩ። ጋሽ ተሾመ ጃንጥላ ይዘው አብረውኝ መጡ። ከሕንፃው በር እንዲያልፉ ስላልተፈቀደላቸው ሁለት ሰዓት ሙሉ ውጭ ቆመው ጠበቁኝ። ጥያቄዎቹ ስለ ውሃ ግፊት ነበሩ። ሁሉንም ሠራሁ። በኋላ ውጤቱ ሲመጣ ሰማንያ ሰባት አገኘሁ፤ እዚያ አገር ካመጣሁት ሁሉ ከፍተኛው ነው። ያንን ወረቀት ለረጅም ጊዜ እንደ ወንጀል ማስረጃ ነበር የማየው።

ስወጣ ጋሽ ተሾመ ጫማቸው ውሃ ሞልቶ፣ ከንፈራቸው ጠቁሮ ነበር። ወደዚያች ጠባብ ቤት ገብተን ሚፌን አዘዝን። ሴትዮዋ በማንኪያው እንደ ልማዷ «ትንሽ?» አለችኝ። «ብዙ» አልኳት። ጎድጓዳውን ሳህን ጨርሼ መረቁን ጠጣሁ። ጋሽ ተሾመ አልነኩትም። ሦስት እሁድ ሙሉ እያወቁ ዶሮ ሲያበሉኝ እንደነበር፣ ምን ብዬ እንደሰደብኳቸውም በዚያች ሰዓት እያሰብኩ ነው የበላሁት። ይቅርታ ለማለት አፌን ስከፍት ሌላ ነገር ወጣ።

«ሁሉም ያውቁ ነበር?»

«ሁላችንም» አሉኝ። «እናትሽ ለምነውኝ ነው። ምንም ማድረግ ስላልቻልኩ ላብላት ብዬ ነው።»

ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ጋሽ ተሾመ ክፍል ተቀመጥን። ለቅሶ ነበር፤ የማይለቀስበት ለቅሶ። ምስር በሩዝ እየበላን፣ መጽሐፍ ቅዱስ እየተነበበ፣ ልጆቹ እኔን እያዩ እኔ መስኮቱን እያየሁ። ለእናቴ ደወልኩላት። «ነገሩሽ?» አለችና ዕሪታዋን ለቀቀችው። እሷ በስልኩ ስታለቅስ እኔ ስልኩን ከጆሮዬ ትንሽ አርቄ ያዝኩት። በመጨረሻ «አባትሽ ራሱ ነው እስክትፈተን እንዳትነግሯት ያለው» አለችኝ። እውነት ይሁን ለእኔ ብላ የፈጠረችው እስከዛሬ አላውቅም። ጠይቄያትም አላውቅም።

ጋሽ ተሾመ ሰኔ ላይ ትምህርታቸውን ጨርሰው ሄዱ። ሌሎቹ ባቡር ጣቢያ ድረስ ሸኟቸው። እኔ ራሴን አሞኛል ብዬ ቀረሁ። አላመመኝም ነበር። ያችን የእሁድ ንግግሬን ማንሳት አፈርኩ፤ ሳላነሳት መሸኘትም አፈርኩ። አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ዝናቡን ሳዳምጥ ዋልኩ። ከዚያ ወዲህ የት እንዳሉ አላውቅም። ከሁለት ዓመት በኋላ ሆሳዕና ሄጄ መቃብሩ ላይ ቆሜያለሁ፤ ዘመዶቼ እንባዬን እየጠበቁ ከበቡኝ። ሣሩ መታጨድ እንዳለበት አሰብኩ። ከዚያ ዲቪ ደረሰኝ፣ ሎስ አንጀለስ መጣሁ፣ ቶራንስ አንድ ቢሮ ውስጥ የቧንቧ ንድፍ መሥራት ጀመርኩ። እንዲህ ሆኜ ነው እትዬ ዘነበች ጠንካራ ነሽ ያሉኝ።

ዱቄቱ ጋ ቆሜ ይህንን ሁሉ ያሰብኩት ምናልባት በአንድ ደቂቃ ነው።

«እትዬ፣ እስከ እሁድ አልጠብቅም» አልኳቸው።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«አሁን ነው የምነግራት።»

«አብደሻል? ስንት ወር ያጠናችው ልጅ ናት! ኤግዛሙን ብትወድቅ በማን ነው?»

«በእኔ ይሁን።»

እንጀራውን ትቼ ወጣሁ። ከሰዓቱ ሞቃት ነበር፤ የጥቅምቱ ደረቅ ነፋስ የዛፎቹን ቅጠል አስፋልቱ ላይ ይነዳል። በሐና በኩል ያለውን በር ከፍቼ ቁጢጥ አልኩ። ምን ብዬ እንደምጀምር አላዘጋጀሁም።

«ሐና፣ እናትሽ ሰኞ ዕለት አርፈዋል። እኔ አሁን፣ ሱቁ ውስጥ ነው የሰማሁት።»

«የማን እናት?» አለችኝ።

«ያንቺ።»

ትንሽ አየችኝ። ከዚያ ከመኪናው ወጥታ ሁለት እርምጃ ሄደችና አስፋልቱ ላይ ወደቀች። ጩኸቷ ፌርፋክስን ሞላው። ከምግብ ቤቱ ሽርጥ ያደረገች ሴት ሮጣ ወጣች። ከጸጉር ቤቱ ግማሽ ጸጉሩ የተቆረጠ ሰው ከነጨርቁ ወጣ። «ማን ሞቶባት ነው?» ሲሉ እሰማለሁ፤ «እናቷ፣ እናቷ።» አንዲት በዕድሜ የገፉ የማላውቃቸው ሴት አስፋልቱ ላይ ቁጭ ብለው የሐናን ራስ ጭናቸው ላይ አድርገው የራሳቸውን እናት እየጠሩ ያለቅሱ ጀመር። እትዬ ዘነበችም ደረሱ። ወደ እኔ ሳያዩ አጠገባቸው ተቀመጡ። እኔ የሐናን ቦርሳ ይዤ ቆሜ ነበር። ዓይኔ ደረቅ ነበር።

ሐና ቅዳሜ አልተፈተነችም። እስካሁንም አልተፈተነችም። ወንድሟ ደውሎ ተቆጥቶኛል፤ እትዬ ዘነበች ቸርች ሲያገኙኝ በአንገታቸው ብቻ ሰላም ይሉኛል። ከጥቂት ሳምንት በፊት ሐና ወጥ ቤት ሳህን ስታጥብ፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ «ያን ቀን ስትነግሪኝ ፊትሽ ላይ ምንም አልነበረም። ፈርቼሽ ነበር» አለችኝ። እውነትሽን ነው አልኳት። ስለ ቻንግሻ ግን አልነገርኳትም፤ አንድ ቀን እነግራት ይሆናል።

ልክ አደረግሽ ያለኝ ሰው የለም፤ ለራሴም ልክ ነበርኩ አላልኩትም። በእናቴ፣ በእትዬ ዘነበች፣ ከሁሉም በላይ በጋሽ ተሾመ መፍረድ አልችልም፤ ሰው ከሐዘን ላይ ጥቂት ቀን ቆርሶ ለሚወደው ሲያቆይለት ክፉ አስቦ አይደለም። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። በዚያ ረቡዕ ሐና እዚያ መንገድ ዳር «እማዬ፣ እማዬ» ስትል፣ ምን ማለትሽ ነው ብሎ የጠየቃት አንድም ሰው አልነበረም።